ሆፕኪንስ የቀረው የሥራ ፈቃዴ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ቅዱሳን። ለመመስከር ስሜን ካስመዘገብኩ ዛሬ ሦስተኛ እሑዴ ነው። ሁለቴ ሰዓት አለቀ ተብዬ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ግን ማይኩን ካልነጠቃችሁኝ በቀር ሳልናገር አልወርድም። ፓስተራችን «በቃልሽ ከሆነ ትሮጪያለሽ፣ ሰው አይከተልሽም፤ ጽፈሽ አምጪ» ስላሉኝ ጽፌ ነው የመጣሁት። አንድ ቦታ መቀመጥ እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ፤ ይህን ወረቀት እንኳ በሥራ እረፍቴ፣ ቆሜ፣ በሦስት ቀን ነው የጨረስኩት። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። ዓረፍተ ነገሩ ከተጣመመ እናንተ በልባችሁ አቅኑት።

የምናገረው ስለ ሥራ ፈቃዴ ነው። ታሪኩን እናውቀዋለን ትሉ ይሆናል። እናንተ የምታውቁት፣ የሊዲያ የሥራ ፈቃድ ዘገየ፣ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ቀን ጾመች፣ በማግስቱ ወረቀቱ መጣ የሚለውን ነው። እልል ብላችሁልኛል፤ እኔም አሜን ብዬ ተቀመጥኩ። እንደዚያ አልነበረም ወገኖቼ። እውነቱ ከዚያ ያሳፍራል። የጌታ ምሕረት ግን የሚታየው በእውነቱ ውስጥ ነው። ስሙ ይባረክ።

ስጽፍ አንድ ነገር አስቸገረኝ። ንስሐዬን ልጽፍ እጀምራለሁ፣ እጄ ግን ናፍቆት ይጽፍብኛል። የናፈቀኝ አገር ቤት እንዳይመስላችሁ። ሆፕኪንስ ነው። አዎ፣ ከዚህ በመኪና ሃያ ደቂቃ የማይሞላው ትንሹ ከተማ፣ ሆፕኪንስ። አንድ የጡብ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መሀሉ የሰመጠ ቡናማ ሶፋ።

ያደግኩት ናዝሬት ነው፣ በአማኝ ቤት። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ እናቴ የጸሎት ቡድን ትመራለች። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ዘምሬያለሁ፤ ጥቅስ በቃል አጥንቶ መድገም ላይ የሚያህለኝ አልነበረም። ጌታን ግን የማውቀው እንደ አባቴ ጓደኛ ነበር። ቤታችን ይመጣል፣ በአክብሮት እነሳለታለሁ፣ ከዚያ ወደ ራሴ ጉዳይ እሄዳለሁ። ለእኔ ብሎ የመጣ አይመስለኝም ነበር።

ወደዚህ የመጣሁት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው። ሠርጉ አለቀ፣ ሙሽሮቹ ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ፣ እኔ ቀረሁና ጥገኝነት ጠየቅሁ። ለምን እንደጠየቅሁ ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል፤ የሚመለከተው ያነበዋል፣ እዚህ አላነበውም። ማረፊያ ስላልነበረኝ የአክስቴ ልጅ ከመሄዷ በፊት ለቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ለእትዬ ዘነበች ሰጠችኝ። ሰጠችኝ ነው የምለው፤ ሻንጣዬንም እኔንም በራቸው ላይ አስቀምጣ ነው የሄደችው።

እትዬ ዘነበች የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ በኬንያ በኩል በስደት የመጡ፣ ኦርቶዶክስ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት ሆነው የሚሠሩ። ያላቸው ልጅ አንዲት ናት፣ ቤቲ፣ እዚሁ የተወለደች፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ቤቱ ሁለት መኝታ አለው፤ ሦስተኛው መኝታ ሶፋው ነው፣ የእኔ። ገና በገባሁ ቀን ጴንጤ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ቀድሜ ልንገር ብዬ ነው። እሳቸውም ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል አየት አድርገው፣ «እሷ ከአንቺ በፊት ነው የገባችው፤ ተከባበሩ» አሉኝ።

ያንን ቤት ያን ጊዜ ጠላሁት ቅዱሳን። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ጠዋት ትዝ ይለኛል። እትዬ ዘነበች የመኪናቸውን መስታወት በአሮጌ የሲዲ ሽፋን ሲፍቁ፤ የሚፋቅበት ዕቃ ገዝተው አያውቁም። ቤቲ በጥር ብርድ ካፖርት ሳትለብስ ስትወጣ፣ እሳቸው በመስኮት ሲጠሯት፣ እሷ ወደ ኋላ ሳትዞር «አይም ፋይን» ስትል። ከሥራ ሲመለሱ እግራቸውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያጫውቱን የአረጋውያኑን ወሬ፤ ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እሷ ግን በየቀኑ ለእሱም አንድ ወንበር ይያዝልኝ የምትል ሴትዮ ነበረች። እትዬም ይይዙላታል። «ምን ይጎዳኛል፤ ወንበሩ ባዶ ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ግን ውስጤ ይቃጠል ነበር። ሥራ መሥራት አልችልም። የሥራ ፈቃድ ማመልከት የሚቻለው ጥገኝነት ከጠየቁ ከወራት በኋላ ነው፤ ከዚያም ፈቃዱ እስኪመጣ ሌላ ወራት። ለመጠበቅ መጠበቅ ማለት ነው። ቤት ስጠርግ እውላለሁ፣ የተጠረገውን እንደገና እጠርጋለሁ፣ በበረዶ ውስጥ የሆፕኪንስን ዋና መንገድ ከጫፍ ጫፍ አራት ጊዜ እመላለሳለሁ። እትዬ ዘነበች ያዩኝና «አንቺ ጴንጤ፣ በጌታ ዕረፍት አለ ትያለሽ፣ ምንጣፌን ግን ጨረስሽው» ይሉኛል።

ቀኑ ደርሶ ለፈቃዱ ያመለከትን ቅዳሜ አብረውኝ ሄዱ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ ቅጽ የምትሞላ አንዲት ፈረንጅ ነበረች። አድራሻ ስትለኝ ወደ እትዬ ዞርኩ። «የቤቴን ነዋ» አሉ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው። ደረሰኙ በፖስታ ሲመጣ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት አረንጓዴ ፎልደር ውስጥ ከተው፣ የራሳቸው የዜግነት ወረቀት ካለበት መሳቢያ አስቀመጡልኝ። ከዚህ በኋላ መታገሥ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱን ነው ያቃተኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ምሳ ላይ ነን። እኔ የምሥራች እንዳለው ሰው ከሰኞ ጀምሮ ሥራ እገባለሁ አልኩ። ሌክ ስትሪት አንድ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ሰው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቦታ ሊያስገባኝ ነው፤ የምሠራው ወደ ሌላ ስቴት በሄደች ራሔል በምትባል ልጅ ወረቀት ነው፣ ፎቶውን ማንም አያየውም፣ ሐበሻ ሁሉ ለፈረንጅ አንድ ነው። እንግዶቹ ሳቁ። አንደኛዋ እንዲያውም ስንቱ እንደዚያ ነው የጀመረው አለች።

እትዬ ዘነበች ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። «ቀኑን ሙሉ ራሔል ሲሉሽ አቤት ስትይ ውለሽ፣ ማታ የማን ልጅ ሆነሽ ነው እዚህ የምትገቢው?»

«የሥራ ስም ነው እትዬ፤ ክርስትና አልተነሳሁበትም» አልኩ። እንግዶቹ እንደገና ሳቁ።

እሳቸው አልሳቁም። «እኔ ራሔል የምትባል ቤቴ አላስገባሁም። ወረቀትሽ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ይሄ ቢታወቅብሽስ? ያ ሁሉ መጠበቅ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሞኝ አትሁኚ።»

ልክ ነበሩ። ግን ሰው ፊት ነው የተናገሩኝ። ሞኝ መባሉ ሳይሆን ሰው ፊት መባሉ ነደደኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ ምላሴን አልመርጥም። «እርስዎ እናቴ አይደሉም። ሶፋ ሰጡኝ እንጂ አልገዙኝም» አልኩ።

ቤቲ እንኳ ስልኳን አስቀመጠች። እትዬ ዘነበች «ልክ ነሽ» አሉ። ከዚያ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመሩ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እሳቸው ሥራ፣ ቤቲ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ በአንድ ቦርሳ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ቁጥራቸውን ብሎክ አደረግሁ። ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባል ሰፈር ከሁለት ሴት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋራሁ፤ ከእነሱ ጋር ነው ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን የመጣሁት።

አድራሻ የቀየረ ሰው ለኢሚግሬሽን ቶሎ ማሳወቅ እንዳለበት ተነግሮኝ ነበር። ግን የማመልከቻዬ ቁጥር አረንጓዴው ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ መሳቢያው ውስጥ ነው። መሳቢያው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። እዚያ ቤት ደግሞ አልሄድም፤ አኩርፌያለኋ። እኛ ሐበሾች ስናኮርፍ ታውቁናላችሁ። አንጮህም፣ አንከስም። ዝም ብለን ያንን ሰው ከምድር ላይ እናጠፋዋለን። ከዚያ የምንጎዳው እኛ ብንሆንም እንኳ ቀድመን አንናገርም። እኔ በቁጥር ማጣት የተነሳ ወረቀቴ የት እንደደረሰ ማየት አልቻልኩም፤ ግን ከመደወል አለማወቅን መረጥኩ።

ሥራው ቦታ ራሔል ነበርኩ። ጠዋት እገባለሁ፣ እርጥብ አንሶላ ከማሽን እጎትታለሁ፣ አጥፌ እደረድራለሁ። ራሔል ፍጠኚ፣ ራሔል ወደዚህ። መጀመሪያ ላይ ሲጠሩኝ ዞር ለማለት እዘገይ ነበር። አራተኛው ወር ላይ ግን አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ከኋላዬ ሊዲያ፣ ሊዲያ ብትል፣ ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ። ሮጣ ደረሰችብኝና ደነቆርሽ እንዴ አለችኝ። አብረን ሳቅን። አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ ግን ሳቁ ለቀቀኝና ፈራሁ።

በዚያ ሰሞን ነው እዚህ መጥቼ ጸልዩልኝ ያልኳችሁ። ኢሚግሬሽን ወረቀቴን ያዘብኝ አልኩ። ውሸት ነበር ቅዱሳን። ይያዝ አይያዝ አላውቅም ነበር። እናንተ ግን አለቀሳችሁልኝ። ሦስት ቀን ጾም ታወጀ፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ። እናቶቻችን ከሥራ መልስ በባዶ ሆዳቸው እየመጡ እዚህ ወለል ላይ ተንበረከኩ። እኔስ? ዓርብ በምሳ ሰዓት ሕንፃችን ሥር ካለው ሱቅ ሁለት ሳምቡሳ ገዝቼ በላሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ይቅር በሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የጾሙ መዝጊያ ጸሎት ላይ ሁላችሁም እጃችሁን ልትጭኑብኝ ተሰበሰባችሁ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ጋሽ መኮንን ለብቻዬ ጠሩኝ። ያው ታውቋቸዋላችሁ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱት ሽማግሌያችን፤ ትንቢት ተናግረው አያውቁም፣ በልሳን ሲጸልዩም ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ሁሉ ራእይ ሲጠብቅልኝ እሳቸው አድራሻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ የሚመጣው በማን ቤት ነው?»

«በአንዲት ሴትዮ።»

«የት ናቸው እሳቸው?»

«ሆፕኪንስ።»

«ታዲያ ደውለሽ ጠየቅሻቸው?»

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። «ተጣልታችኋል?»

«አኩርፌያለሁ።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አራት ወር።»

መነጽራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «እኔ ስንት ጠዋት አውቶቡሱን እያሞቅሁ የኢሚግሬሽንን ሰዎች ልብ አራራ እያልኩ ስለምን፣ ያልራራው የአንቺ ነው?»

አፈርኩ። ግን ጠዋት ጠዋት ስለ እኔ አውቶቡስ ውስጥ የሚጸልይ ሰው እንደነበረ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ አብሬሽ ልሂድ፣ ላስታርቃችሁ አሉኝ። እንቢ አልኩ። ሽማግሌ ይዤ ብሄድ አንቺም ተይ፣ እርስዎም ይተዉ ተብሎ ጥፋቱ ለሁለት ይካፈላል። ይሄ ጥፋት አይካፈልም፤ ሙሉው የእኔ ነው። አስታራቂ አያስፈልገኝም፣ ጥቅስም አያስፈልገኝም፤ ሄጄ መናገር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ አልኳቸው። «እንግዲያ አሁኑኑ ሂጂ፤ ነገ ከሆነ ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ» አሉኝ። ያወቁኝ መሰለኝ።

ሄድኩ። በሁለት አውቶቡስ። የመጋቢት መጨረሻ ነበር፤ በረዶው በየመንገዱ ዳር ጠቁሮ ይቀልጣል። የምናገረውን በሐሳቤ ደረደርኩ፤ እንዲህ እላቸዋለሁ፣ እንዲህ ሲሉኝ እንዲህ እመልሳለሁ። ሕንፃው ስደርስ የውጭው በር ክፍት ነበር፤ ውስጠኛው ግን ደወል ተደውሎ ከላይ ካልከፈቱልሽ አይገባም። በሁለቱ በሮች መካከል የሁሉም ተከራይ የፖስታ ሳጥን ግድግዳው ላይ አለ። ደወሉን ልጫን እጄን ስዘረጋ ዓይኔ የእነ እትዬ ዘነበች ሳጥን ላይ አረፈ። የእሳቸው ስም በታይፕ ተጽፏል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእሳቸው የተንጋደደ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሊዲያ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የተለጠፈበት ፕላስተር አዲስ ነው። አሮጌው ሲላቀቅ በሌላ ቀይረውታል ማለት ነው።

ፖስታ አዳዩ ሳጥኑ ላይ ስሙ የሌለን ሰው ደብዳቤ መልሶ እንደሚወስድ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

አራት ወር ሙሉ እኔ ራሔል ሆኜ ስውል፣ ስሜ እዚያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ናዝሬት ስንት ኮንፈረንስ ላይ ጥሪ ሲቀርብ ሰው አይቶኝ እጄን አውጥቻለሁ፤ አልቅሻለሁም። ያን ቀን ግን ማንም አልጠራኝም፣ ሙዚቃ አልነበረም፣ ወለሉ በቀለጠ በረዶ ጭቃ ሆኗል። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ጌታ ሆይ እስከ ዛሬ የአባቴ እንግዳ ነበርክ አልኩት። እኔ ሊዲያ ነኝ። ዋሽቻለሁ፣ በሰው ስም ሠርቻለሁ፣ ያስጠጋኝን ሰው አዋርጃለሁ። የምትፈልገኝ ከሆነ እንዲህ ነኝ፤ ግባ። ገባ ወገኖቼ። ክብር ለእርሱ ይሁን። ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃን አላየሁም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ የመጣ መሆኑን አወቅሁ። ሃሌሉያ።

የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት የያዘ አንድ ፈረንጅ ከውስጥ ወጥቶ አየኝና «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። «ኖ» አልኩት። በሩን ይዞልኝ ቆመ። ደወሉን ሳልጫን ገባሁ።

የከፈተችልኝ ቤቲ ናት። ፊቷን አላጠቆረችም፣ አልሳቀችም፤ ወደ ውስጥ ዞራ «ማም፣ ሺ ኢዝ ሂር» አለች። እንደሚጠበቅ እንግዳ። እትዬ ዘነበች ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ልብሴ በስተኋላ ጭቃ ነው።

«ጫማሽን አውልቂ፤ ምንጣፉን አሁን ነው ያጸዳሁት» አሉ።

ሁዳዴ ነበር። ሽሮና ጎመን አቀረቡ። ብዪ አሉኝ፣ በላሁ። አውቶቡስ ውስጥ የደረደርኩት ንግግር አንድም አልቀረልኝም። በመጨረሻ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ብሎክ አድርጌዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። ቤቲ ነግራኛለች። እኔ ግን መደወሉን አልተውኩም፤ አንድ ቀን ትከፍተው ይሆናል ብዬ።»

«ሰው ፊት ያልኩዎትን...» ብዬ አለቀስኩ። «ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እኔም ሰው ፊት ተናግሬሻለሁ» አሉ። «ለብቻሽ መንገር ነበረብኝ። እሱን ሳስብ እቆጫለሁ።»

ተነሥተው መሳቢያውን ሳቡ። አረንጓዴው ፎልደር ላይ አንድ ነጭ ፖስታ ነበር፣ ያልተከፈተ። የመጣው እኔ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው አሉኝ። ሌክ ስትሪት ያንን ሱቅ ሁለት ጊዜ ሄደው ጠይቀዋል፤ የት እንዳለሁ የሚነግራቸው አጡ። የሕንፃው ማናጀር እዚህ ለማይኖር ሰው ስም መለጠፍ አይቻልም ብሎ አንሱት ብሏቸዋል። «ልጄ ለጉዳይ ሄዳ ነው፣ ትመለሳለች አልኩት» አሉኝ።

ልጄ። ይህንን ያሉት እናቴ አይደሉም ካልኳቸው በኋላ ነው።

ፖስታውን ከፈትኩ። ካርዱ ነው። ፎቶዬ፣ ስሜ፣ መሥራት ትችላለች የሚለው ጽሑፍ። ቀኑን አየሁት። እንግዲህ ቁጠሩልኝ ቅዱሳን። እኔ በሰው ስም አንሶላ ስጎትት፣ በራሴ ስም መሥራት ከተፈቀደልኝ ወራት አልፈዋል። እናንተ ጾማችሁ ስትለምኑ፣ ጌታ ከሰጠ ቆይቷል። ሰማይ አልተዘጋብኝም ነበር፤ ኢሚግሬሽንም አልያዘብኝም። የያዘው የእኔ ኩርፊያ ነው።

በማግስቱ መጥቼ ወረቀቴ መጣ አልኳችሁ። እናንተ እልል ስትሉ የቀረውን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጋሽ መኮንን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩኝ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አላወሩብኝም። አንዴ ብቻ «ንግግሩ የአንቺ ነው፤ እኔ አልወስድብሽም» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት የአንሶላውን ሥራ ተውኩ። ያደረግኩትን ለጠበቃ ሳልደብቅ ነገርኩ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ ብያለሁ። ወደ ሶፋዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው በጣም የሚናፍቁኝ። እንደ እትዬ ነርሲንግ አሲስታንት ለመሆን ኮርስ ገባሁ። ማታ ማታ ከራት በፊት እሳቸው ያለማምዱኛል፤ ታማሚዋ ቤቲ ናት። ቤቲ ሶፋው ላይ ተኝታ ስልኳን እያየች፣ እኔ በወገቧ ይዤ ላነሣት ስታገል፣ እትዬ «ኧረ ቀስ፤ ጤፍ አይደለችም፣ ሰው ናት» ይላሉ። ቤቲ ደግሞ ዓይኗን ሳትነቅል ዘጠና ዓመቴ ነው፣ ወገቤን ሰብረሽኛል፣ ልከስሽ ነው ትለኛለች በእንግሊዝኛ። ያ ሶፋ ያን ያህል ሳቅ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። ፈተናውን አለፍኩ። ዛሬ በራሴ ስም የምሠራው ሥራ ያ ነው። ጌታ ይመስገን።

እትዬ ዘነበች ባለፈው ክረምት እህታቸው ወዳለችበት ወደ ኮሎራዶ ተዛወሩ። ዕቃውን የጫንኩት እኔ ነኝ። አሁን የራሴ ክፍል፣ የራሴ አልጋ አለኝ፣ መኪናም እነዳለሁ። ሆኖም አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሳላስበው በሆፕኪንስ በኩል እዞራለሁ። መስኮቱ ሌላ መጋረጃ አለው። አንድ ደቂቃ ቆሜ እሄዳለሁ። ምንም ባልነበረኝ ጊዜ ምን ያህል ሰው እንደነበረኝ ያን ጊዜ አላወቅሁም። እትዬ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ዛሬም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔም ጴንጤ ነኝ፤ ለእኔ ግን ጌታ እጁን የላከው በእሳቸው ነው፣ ይህንን አልደብቅም።

ታዲያ ዛሬ ለምን ተናገርኩ? ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዲት እህት፣ ስሟን አልጠራም፣ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ስናጥብ ተሰብራ ነገረችኝ። የሥራ ፈቃድ ስትጠብቅ ወራት ሆኗታል። ጾማለች፣ በእውነት ጾማለች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «ለአንቺ በሦስት ቀን የመለሰ ጌታ ለእኔ ዝም ያለው፣ ኃጢአቴ ምን ቢሆን ነው?» ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። እኔ ያልተናገርኩት ግማሽ ታሪክ የሌላ ሰው ልብ ላይ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። እዚያው ልነግራት ነበር፤ ግን ያንን ድንጋይ ያስቀመጥኩት በሁላችሁ ፊት ስለሆነ፣ ማንሣትም ያለብኝ በሁላችሁ ፊት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የት እንደተቀመጥሽ አያለሁ፣ አንገትሽን አትድፊ። የእኔ በሦስት ቀን አልመጣም። የእኔ የመጣው ጾም ሳይታወጅ፣ እኔ እየዋሸሁ፣ ሳይገባኝ ነው። ጌታ አንቺን ከእኔ አሳንሶ አላየሽም፤ ኃጢአትሽንም እየቆጠረ ወረቀትሽን አልያዘም። የአንቺ ጉዳይ በእርግጥ ወረፋ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ከሥራ በፊት መጥቼ ቁጥርሽን አብረን እናያለን። ከዚያ የሚያስለቅስ ከሆነ አብረን እናለቅሳለን።

ሌሎቻችሁም፣ ጌታን ገና እንደ ቤተሰባችሁ እንግዳ የምታውቁት ካላችሁ፣ አሳምራችሁ ለመቅረብ አትድከሙ። እኔ በጭቃ ላይ ተቀምጬ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት፤ አልደነገጠም። እውነቱን ንገሩት። እመኑት። የእኔ የጥገኝነት ጉዳይ ዛሬም አልተወሰነም፤ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ስጠብቅ ግን አብሮኝ የሚጠብቅ አለ፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ደግሞ ጸልዩልኝ ስላችሁ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጠይቁኝ።

ጨረስኩ። እህቴ፣ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ።